ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለችው ሴትዮ

ሻሺቱ ኩልፎ ወንዝ እየወረደች የሰው ልብስ በማጠብ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ስድብ ለምዳለች። ትናንት ግን ልጇ ኢያኤል ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እናቷ ሳፋ ተሸክማ ስትመጣ እያየች፣ እንደማታውቃት ሰው አንገቷን ደፍታ አለፈቻት። ይኼን የትኛዋ እናት ትችላለች!

ቤት ስትገባ አፋጠጠቻት። ልጅቷ፣ "መጽሐፉ ላይ ያለችው መጥፎ ሴትዮ እናትሽ ናት እያሉ ይስቁብኛል" ብላ አለቀሰች።

ጠዋት ሻሺቱ ሳፋዋን ጥላ፣ ደሟ ፈልቶ ትምህርት ቤት ሄደች። ሦስተኛ ክፍልን በርግዳ ስትገባ መምህር ጌዲዮን ስለ ውሃ ጥበቃ የሚያስተምርበትን የሥዕል መጽሐፍ ከፍ አድርጎ ይዟል።

"እስቲ እኔን ያሳዩኝ!" አለችው።

ደነገጠ፤ ቢሆንም ሦስተኛውን ገጽ ገለጠላት። አንዲት ሴትዮ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ልብስ ታሻለች። አረፋው ውሃውን ሸፍኖታል፤ ሁለት ቆሮሶ ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ሠዓሊው የሴትዮዋን ፊት ሳይቀር አክፍቶታል።

"የኢያኤል እናት፣ እርስዎን ለማለት አይደለም። ሳሙና ወንዙን እንደሚጎዳ ነው የምናስተምረው።"

"እሱ ጠፍቶኝ ነው? የኔን እጅ የላጠ ሳሙና ዓሣውን ይምረዋል? የሰፈራችን ቦኖ ከደረቀ ሁለት ወሩ፤ የት ልጠብ? ቦኖውን እጠግናለሁ ብሎ የጠፋው ሰውዬ የትኛው ገጽ ላይ ነው? መኪናውን ወንዝ ውስጥ አቁሞ የሚያሳጥበውስ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!"

ጣቷን ወደ ደረቱ ቀሰረች።

"ይኼ የለበሱት ነጭ ጋውን የት የታጠበ ይመስልዎታል?"

"አከራዬ ናቸው የሚያሳጥቡልኝ" አለ ጌዲዮን፣ ድምፁ ወርዶ።

"ለኔ ነው የሚሰጡኝ። ሰኞ ኩልፎ ላይ አጠብኩት። አንዱ ቁልፍ ወልቆ ሳገኘው የሰፋሁልዎትም እኔ ነኝ።"

እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። ከነጮቹ ቁልፎች መሀል አንዱ ሰማያዊ ነው፤ እስከ ዛሬ ልብ አላለውም።

ኢያኤል ከኋላ ዴስክ ተነሳች። "ቲቸር፣ እሱ የኔ ሹራብ ቁልፍ ነው" አለች ጮክ ብላ።

የሳቀ ልጅ የለም።

"የፊታችን ሰኞ ጋውኑን ራስዎ ይዘው ይምጡ" አለች ሻሺቱ። "ተማሪዎቹንም ያስከትሉ። የማጥብበት ድንጋይ ሰፊ ነው።"

ወጣች። ኢያኤል ሮጣ በር ላይ ደረሰችባትና፣ ሁሉም እያያት፣ እጇን ያዘች። ሻሺቱ የልጇን እጅ ጭብጥ አደረገች፤ ንዴቷ ግን ገና አልለቀቃትም ነበር።