የወለተ ሥላሴ ግራ ክንድ

ደብሩ አዳራሽ ሊሠራ ስለሆነ፣ በስተምሥራቅ ያሉት መቃብሮች፣ የእናቴም ጭምር፣ ከጾመ ፍልሰታ በፊት እንዲነሱ ተነገረ። ዘመድ ያልመጣለት አጽም በአንድ ጉድጓድ ተሰብስቦ ይቀበራል። አባቴ ወልደጻድቅ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አልቀምስ አለ። አልጋ ላይ ከዋለ ቆይቷል። ሌላ ደብር ውስጥ የቤተሰብ መቃብር አሠርቷል፤ እናቴ ቀድማ እዚያ ገብታ እንድትጠብቀው ነው የሚፈልገው።

"ባንተአምላክ፣ ሳልሞት አምጣልኝ" አለኝ።

የደብሩ መዝገብ የሚያውቀው የክርስትና ስሟን ብቻ ነው፤ ወለተ ሥላሴ። በሞተችበት ዓመት የተቀበሩ ወለተ ሥላሴዎች ሁለት ሆነው ተገኙ። ድንጋዮቹም ላይ ከስሙ ሌላ የሚነበብ የለም። አባቴ ምልክት አድርጎት የነበረው ወይራ ተቆርጧል። አንደኛዋን ከጢቾ የመጡ ሰዎች በቀደመው ሳምንት አንስተው ወስደዋታል። እንግዲያው የቀረችው የእኔ ናት ብዬ ሳጥን አሠራሁ።

አሰላ ውስጥ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ካነሳኋቸው ፊልሞች አንዱ የእናቴ ግራ ክንድ ነው። ከጋሪ ወድቃ ተሰብራ ወጌሻ ስላሻት፣ አጥንቶቹ ተነባብረው ነው የገጠሙት፤ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ያለው ጉብታ በልብሷ ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር። ቆፋሪው ጉቱ አጽሙን አንድ በአንድ ሲያቀብለኝ የግራ ክንዱን ጠርጌ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ተምታቶብኝ እንዳይሆን ሌላውንም አየሁ። እሱም ቀጥ ያለ ነው።

በማግስቱ ሳጥኑንና ፊልሙን ይዤ ወደ ጢቾ ተሳፈርኩ። የመኪናው ረዳት ዶሮ ከሆነ ላይ ይታሰራል ብሎ ተከራከረኝ። ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ።

አጽሙን የወሰዱት አባይነሽ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ የእህቴ ነው ብለው። መቃብሩን አሳዩኝ። ሲሚንቶው ደርቋል። ከጎኑ ለራሳቸውም ቦታ አስከልለዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ፊልሙን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጌ ስብራቱን በጣቴ አመለከትኳቸው። አባቴ እየጠበቀኝ ነው፣ ይከፈትና ክንዱን ብቻ ልይ ብዬ ለመንኩ።

ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳጥኑን አስከፈቱኝ። እጃቸውን ራስ ቅሉ ላይ አኑረው ቆዩ።

"አንተ እናትህን በክንዷ ታውቃታለህ። እኔ እህቴን በምን ልወቃት?"

በሽተኛ እንደምጠይቀው ስለ እህታቸው ከላይ ጀምሬ ጠየቅኳቸው። ጥርስ ተነቅሎላቸው ያውቃል? ያነክሱ ነበር? ተሰብረው ያውቃሉ?

"ጤነኛ ነበረች" አሉ። "በአንድ ሌሊት ሆዴን ብላ ነው የሞተች።"

"ይኸው፣ በእነዚህም ላይ ምንም የለም።"

"ምንም የሌለበት ስንት ሙት አለ፣ ልጄ።"

መዝገቡ ላይ ሁለት ብቻ እንደሆኑ ነገርኳቸው። ያኛዋን አቅፈው አልቅሰው እንዳስገቧት ነገሩኝ፤ አውጥተው ሰጥተውኝ፣ ይቺኛዋም ባዕድ ከሆነች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"ይቺ እህትዎ ናት ብለህ ማልልኝ። አሁኑኑ አስፈርሰዋለሁ።"

አፌን ከፈትኩ። የማውቀው በሳጥኑ ውስጥ ያለችው እናቴ አለመሆኗን ነው። መዝገብ የያዘ ሰው ሳይጽፍ ያለፈው ሙት እንደሌለ፣ ድንጋይ ከቦታው እንዳልተዛወረ በምን ልማል? አባቴን አሰብኩት። ቃሉ ግን አልወጣም።

ሴትዮዋ ጠብቀው ጠብቀው ሳጥኑን ራሳቸው ከደኑት። እዚህ ተዋት፣ እህቴ ከሆነች ከጎኔ ትሁን አሉኝ። ተውኳት።

ፊልሙን ብቻ ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እየጠበቀ ነበር።

"አመጣሃት?"

"አዎ" አልኩት።

ማል አላለኝም።