ሦስት ነፍስ

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ አፋቸው በንፍሮ እንደተሞላ ማልቀስ ጀመሩ።

«ወይኔ ሽመክትዬ! ወይኔ የተከበረው ነጋዴ!» ሲሉ አንድ የስንዴ ፍሬ ከአፋቸው ተፈናጥሮ ሰርካዲስ ጥቁር ቀሚስ ላይ አረፈ። ሰርካዲስ በጥፍሯ ጫፍ አንስታ ጣለችውና ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ የጠረገችበትን የነጠላ ጫፍ ተጸየፈችው።

የቀብሩ ማግስት ነው። ሳቢያን ሰፈር፣ ሰርካዲስ ደጃፍ ላይ እድሩ በተከለው ድንኳን ሥር ሙቀቱ ሰውን ከነልብሱ ይቀቅላል። የላብ፣ የቅቤና የርካሽ ሽቶ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏታል። ትናንት የተቀበረው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ ለቅሶው የተቀመጠው እሷ ቤት ነው።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ምን ነበር የሚሸጠው?»

«ቴሌቪዥን መሰለኝ። ከጅቡቲ እያስመጣ።»

«ሱቁን አይቼው አላውቅም።»

«መጋላ ገበያ ነው አሉ። ትልቅ ነው አሉ።»

ትልቅ ነው አሉ! ሱቅ የሚባል ነገር የለም። ሽመክት መጋላ ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ጌም ቤት ነበረው። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ይህን የሚያውቁት ሰርካዲስና አጎቷ ጋሽ አየነው ብቻ ናቸው። ውሸቱን ወልዳ ያሳደገችው ራሷ ናት። ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿም፣ ለጎረቤትም፣ «ወንድሜ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው» ስትል ኖራለች። ቀብሩ ላይ በድምፅ ማጉያ የተነበበውን የሕይወት ታሪክም በገዛ እጇ፣ ሰው ሁሉ በሚያደንቀው ጽሕፈቷ፣ ጽፋዋለች። «በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ንግድ ተሰማርተው፣ በታታሪነታቸው የተመሰገኑ» ይላል። ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ እሷ ግን የሞተውን ትታ ሌላ ሰው አስመሰገነች።

ሽመክት በዘጠኝ ዓመቱ ጉሮሮውን ታመመ። ጉሮሮው ሲድን ሕመሙ ልቡ ላይ ቀረ። ሐኪሙ አባታቸውን፣ የምድር ባቡሩን ሠራተኛ አቶ ወልደጻድቅን፣ «ሩጫ የለም፤ ኳስ የለም፤ ደረጃ እንኳ ቀስ ብሎ ይውጣ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ የልጁ ሥራ ደጃፍ ተቀምጦ የሌሎቹን ኳስ ማየት ሆነ። እሱን መጠበቅ ደግሞ የአሥራ ሰባት ዓመቷ የሰርካዲስ ሥራ ነበር፤ መሮባትም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ወዳለ ቡና ቤት ይዛው ገባች። ቤቱ የተደፋ ቢራና ሽንት ይሸታል። ጥግ ላይ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ቆመው የሚጫወቱበት አታሪ የሚሉት የጌም ማሽን ነበር።

ልጁን የቢራ ሣጥን ላይ አቆሙት። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ጠላቶች በረድፍ በረድፍ ሆነው እየተወዛወዙ ይወርዳሉ፤ ከታች አንዲት ትንሽ የጠፈር መንኮራኩር ግራና ቀኝ እየሸሸች ትተኩሳለች። ሰርካዲስ አፍንጫዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዞር ስትል ወንድሟን ላብ አጥምቆታል። ከታመመ ወዲህ በጨዋታ ሲያልበው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ስንት ነፍስ አለኝ?» አላት ዓይኑን ሳይነቅል።

መስታወቱ ጥግ ላይ የተሣሉትን ትንንሽ መንኮራኩሮች አየችለት። «ሦስት።»

«ሦስት!» አለ ፊቱ እየበራ። «እቤት እኮ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።»

ጋሽ አየነው ለቀስተኞቹን እየዞሩ ሲያመሰግኑ ቆይተው አጠገቧ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«የሕይወት ታሪኩን ሰው ሁሉ ወዶታል። አለቃሽ እንኳ፣ ‹እንዲህ ያለ ወንድም ነበራት ለካ› አሉ። ያንን ቅራቅንቦ ደግሞ ከሰልስት በኋላ ሰው ሳያይ አስነሣዋለሁ፤ አንቺ አታስቢ።» ትንፋሻቸው ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«እሺ ጋሼ» አለች። እሺ ማለቷ ራሱ አስጠላት።

ቅራቅንቦ ያሉትን አንድ ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ። በሩን ስትከፍት የካልሲ፣ የጫት ገረባና የጋለ የኤሌክትሪክ ገመድ ሽታ ተቀበላት። ጎረምሶች አሮጌ ሶፋ ላይ ተደራርበው ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ «ነፍስ! ነፍስ! ጆይስቲኩ አልሠራ አለ!» እያሉ ወንድሟን ይጣራሉ። ሰው በነፍስ ይጠራል እንዴ? ጥግ ላይ ያ የከዚራው አታሪ ቆሟል። ቡና ቤቱ ሲዘጋ ሽመክት ነበር የወሰደው፤ ሲበላሽ ራሱ ነው የሚጠግነው። አጠገቡ አዲስ ማሽን ከሰፊ ቴሌቪዥን ጋር ተገጥሟል፤ እዚያም ውስጥ ያው ጨዋታ ነው፤ ብቻ ጥይቱ በዝቶ መስታወቱን እንደ በረዶ ሞልቶታል።

«ይሄ ሁሉ ጥይት እየወረደ ማን ያመልጣል?» አለችው።

«ጥይቱን ካየሽ ትሞቻለሽ፣ እቴቴ። ክፍተቱን እይ። ሁልጊዜ አንዲት መንኮራኩር የምታሳልፍ ክፍተት አለች።» አሳያት። ከወገቡ በላይ ሳይነቃነቅ፣ በጣቶቹ ብቻ፣ በዚያ በረዶ መሀል ሾልኮ አለፈ። ጎረምሶቹ ኳሳቸውን ትተው ቆመው አዩት።

«ይሸታል» አለች እሷ። «መቼ ነው አንተ ትልቅ ሰው የምትሆነው?»

ሽመክት ሳቀ። «ሐኪሙ ሃያ ዓመት አይሞላም ብሎ ነበር እኮ። ይኸው ትልቅ ሰው ሆኛለሁ።»

ሰርካዲስ ከክፍሉ ወጣች። ያገኘችው ቧንቧ ላይ እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሊመሻሽ ሲል ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ተጠግተው ጉልበቷን ያዙ። መዳፋቸው ርጥብ ነው።

«አይ የሰው ልጅ! እንደ እሱ ያለው ጨዋ ሲሄድ፣ ያ የእኔን ልጅ ከትምህርት ቤት ያስቀረብኝ የመጋላው ጌመኛ ይኖራል። ታስታውሻለሽ? አንቺም ፈርመሽልኝ ነበር እኮ፤ ምስጋናዬ አይጠፋም።»

ሰርካዲስ ጉልበቷን ከእጃቸው አወጣች።

እንዴት ትረሳዋለች? ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ጌም ቤቱ የማን እንደሆነ ሳያውቁ «ይዘጋልን» የሚል ማመልከቻ ይዘው በሯን አንኳኩ። አልፈርምም ብትል ለምን ሊሏት ነው። ስሟን ከነአባቷ አሳምራ ጻፈች፤ ፈረመች። ጌም ቤቱ ታሸገ። በሳምንቱ እሑድ ሽመክት ምሳ ሊበላ መጣ። ቀበሌ ጠርተውት ወረቀቱን አሳይተውታል። ይህን ሲነግራት እንጀራውን እየቆረሰ ነው። በልቶ ሲጨርስ ተነሣና፣ «ጽሕፈትሽ አሁንም ያምራል፣ እቴቴ» አላት። ከዚያ እጁን ታጠበ።

ከሁለት ወር በኋላ ጌም ቤቱ ሲከፈትም፣ ከዚያም በኋላ፣ ነገሩን አላነሣባትም። ቢሰድባት በወደደች። የገዛ እጇን እያየች የተጸየፈችው የዚያን እሑድ ነው፤ ይኸው ዛሬም አልለቀቃትም።

በሦስተኛው ቀን ሰልስቱ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። የሰርካዲስ አለቃ ከነክራቫታቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ እንደ ልማዳቸው ንፍሮው አጠገብ ናቸው። ጋሽ አየነው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሟቹ ነጋዴ ሊናገሩ ሲሉ ስድስት ወንዶች ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። አምስቱ ባጃጅ ነጂዎች ይመስላሉ፤ አንዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የደንብ ልብስ ለብሷል። ከፊት የቆመው ግዙፍ፣ ጢማም ሰው ነው።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለ። «የነፍስ ለቅሶ ይሄ ነው?»

«የማን?» አሉ ጋሽ አየነው።

«የነፍስ፣ አቦ። የሦስት ነፍስ። ጌም ቤት ያለው።»

«ተሳስታችኋል። ይሄ የአቶ ሽመክት፣ የነጋዴው ለቅሶ ነው።»

ሰውየው መመለስ ጀምሮ ነበር። ድንገት ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየ። «ወላሂ እሱ ነው!» አለ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ሰርካዲስ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና አለች። «ማን ልበል?»

«ሁዘይፋ እባላለሁ። አንቺ እህቱ ነሽ አይደል? በዓይንሽ አወቅሁሽ።» ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ተራመደ። «አቦ፣ የቀብሩ ቀን መጥተን ነበር እኮ! የጌም ቤቱ አከራይ ነግሮን። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ከአጥር ውጭ ቆመን በድምፅ ማጉያ ነው የሰማነው። ‹አቶ ሽመክት፣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ› ሲል፣ ‹ወሪያ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው፤ ቀብር ተሳስተናል› ተባባልን። ስሙን የት እናውቃለን? ለእኛ ነፍስ ነው። በሁለት ባጃጅ ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን በረርን። የለም። ስንመለስ ሰው ሁሉ ሄዷል፤ የትኛው መቃብር እንደሆነ እንኳ የሚነግረን አጣን። ይኸው ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ስንጠይቅ ነው እዚህ የደረስነው።»



«እኔ የተሰበርኩ ጊዜ» አለ ሁዘይፋ፤ ለእሷ ብቻ ነበር የሚናገረው፣ «ባጃጄ ተገልብጦ፣ ሦስት ወር ስተኛ፣ ያንን የጌም ማሽን ከነቴሌቪዥኑ ተሸክሞ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። ቤቴ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ አምስት ጊዜ ይቀመጣል፤ ሲያለከልክ ከአልጋዬ ላይ እሰማዋለሁ። ‹ተው፣ ትሞትብኛለህ› ስለው፣ ‹ዝም ብለህ ተኩስ› ይለኛል። እንዲህ ያለውን ሰው አፈር ሳላለብስ ቀረሁ። ማነው ያንን ነገር የጻፈው?»

«በቃ፣ በቃ» አሉ ጋሽ አየነው እጃቸውን እያወናጨፉ። «እግዜር ይስጥልን። እዚያ በሩ ጋ አግዳሚ አለ፤ እዚያ አረፍ በሉ። ፍራሽ ዙሪያ የሥጋ ዘመድ ነው የሚቀመጠው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ሰርካዲስ።

ጋሽ አየነው ዓይናቸውን አፈጠጡባት። አንገቷ ላይ ላቡ ሲወርድ ይታወቃታል። ከአለቃዋም፣ ከጎረቤቱም፣ ከጋሽ አየነውም ይልቅ የሚያቅለሸልሻት የራሷ ድምፅ ነው፤ ቢሆንም ቀጠለች።

«ወንድሜ ነጋዴ አልነበረም። ጌም ቤት ነበረው። አፍሬበት ዋሸሁ። እትዬ ፍቅርአዲስ፣ ያ የፈረምንበት ቤት የእሱ ነው፤ የእኔን ፊርማ አይቶታል።»

«በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ንፍሮ ይዋጡት ይትፉት ጠፋቸው። አለቃዋ ስልካቸውን አውጥተው ማየት ጀመሩ።

ሁዘይፋ አልተሳደበም። እንደ ሽመክት ዝም አለ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። ከዚያ ለጓደኞቹ በአገጩ ጠቆማቸውና ስድስቱም ጋሽ አየነው ወዳሳዩአቸው አግዳሚ ዞሩ።

«ሁዘይፋ» አለች።

ቆመ። ሸሚዙ ላይ የደረቀ ላብ አለ፤ ቤንዚንና ጫት ይሸታል። ሰርካዲስ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰብስባ ወደ ፍራሹ ጫፍ ፈቀቅ አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተለቀቀ።

«እዚህ ተቀመጥ።»

ሁዘይፋ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካው። አምስቱ ቆመው ቀሩ። ሰርካዲስ አየቻቸውና እንደገና ፈቀቅ አለች።