እትዬን ያሳመርኩበት ቀን

የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ፎቶ አሳማሪ ነኝ። የክሬሙ፣ የሻምፑው፣ የጂንሱ ሴቶች ሁሉ በእጄ ያልፋሉ። ወገብ አቀጥናለሁ፣ ብጉር አጠፋለሁ፣ ጥርስ እገጥማለሁ። እግዜር ሠርቶ የጨረሰውን እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ «ትንሽ ይቀረዋል» እላለሁ። ድፍረቴን ተመልከቱልኝ እንግዲህ።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በአስተማሪነት ተቀጠረችና ለባጅ ፈገግ ያለችበት ፎቶ ተጠየቀች። «አንቺ እያለሽልኝ ማን ጋ እሄዳለሁ» ብላ ፎቶውን ላከችልኝ፤ አስተካክዬ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንድልክላት። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ስሠራ ነበር የዋልኩት። እጄ ደግሞ አመሉን አይለቅም፤ አገጯን ሞረድ፣ ጉንጯን ለስለስ፣ የፊት ጥርሶቿን ግጥም አድርጌ ላክሁት። ያን ፍንጭት። ከሟች እናታችን የወረሰችውን፣ ለእኔ ሳይደርሰኝ ቀርቶ ልጅ ሳለሁ በቅናት ያስለቀሰኝን ፍንጭት።

ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ በምትጀምርበት ቀን፣ ባጇን በር ላይ ከዘበኛው ልትቀበል ሄደች። ዘበኛው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ፎቶውን ደገመና «እመቤት፣ የባጁ ባለቤት ራሷ ትምጣ» አላት።

ቀጥታ እኔ ቢሮ መጥታ ነገረችኝ። እኔ ሆዬ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ግን አፏን በእጇ ሸፍና። በአርባ ዓመት ዕድሜዋ እትዬ አፏን ሸፍና ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

«ዘበኛውስ ምን አጠፋ» አለችኝ። «ይልቅ አንቺ ንገሪኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስታዪኝ፣ ይስተካከል የሚያሰኝሽ ይሄ ሁሉ ነበር?»

«ኧረ እትዬ፣ እጄ ነው እኮ። ሳላስበው ነው።»

«እሱማ ነው የባሰው።»

አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ እሷን ግድግዳው ጋ አቆምኳት። ፈገግ በይ ስላት ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ድምፄን አጎርንኜ ዘበኛውን ሆንኩላት። ሳቋ ሲመጣ እጇም አብሮ ተነሳ፤ በግራ እጄ ለቀም አድርጌ ያዝኩና በቀኜ ፎቶ አነሳኋት። ፎቶው ትንሽ ተንጋዷል፣ ፍንጭቷ ግን ቁልጭ ብሏል። ምንም ሳልነካ ላክሁት።

በማግስቱ ደወለች። ዘበኛው አዲሱን ባጅ አይቶ «እንዲህ ነው እንጂ፣ ግቢ» እንዳላት እየሳቀች ነገረችኝ። ስትስቅ እጇ የት እንደነበር ግን በስልክ አይታይም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።