ለጉሮሮዬ ነው

ሰው ሲጠይቀኝ «ለጉሮሮዬ ነው» እላለሁ። ውሸት ነው። ጉሮሮዬ ምንም የለበትም፤ ስቆጣ ማሽኑ እየጮኸ እንኳ ድምፄ በሕንፃው ሙሉ ይሰማል። የታመመው ቀኝ እጄ ነው። አንጓው ማበጥና መጋል ከጀመረ፣ ጠዋት ጠዋትም እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታጠፍ ካለ ሦስት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ አብሮህ የሚኖር ነው አለኝ። የሚዋጠው ክኒን ጨጓራዬን ሲያቃጥለኝ ጊዜ፣ አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሟሟ፣ ቁርጥ ከረሜላ የመሰለ መድኃኒት አዘዘልኝ።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አጠቃቀሙን ደጋግማ ነገረችኝ። ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣል፤ አይታኘክም፣ አይዋጥም፣ ውኃ አይጠጣበትም። ሟሙቶ እስኪያልቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ወሬ የለም። ይህን ለሚስቴ ስነግራት፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት እስከ ዛሬ የት ነበር ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የምዋሸው ወድጄ አይደለም። እኔ ቆራጭ ነኝ። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አርባ ጊዜ የተደራረበ ጨርቅ ይዘረጋልኛል፤ እኔ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን በጠመኔው መስመር ላይ እነዳለሁ። ቢላው አንዴ ከሳተ የሚበላሸው አንድ እጅጌ አይደለም፣ አርባ ነው። እጁ የከዳው ቆራጭ ደግሞ ምን ይባላል? ምንም አይባልም፤ ቤቱ ይላካል። ስለዚህ ጉሮሮዬ ነው አልኩ። የክፍሉ ሰው ጋሽ ከረሜላ የሚል ስም አወጣልኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሥራ ቦታው ሰው እውነቱን የምታውቀው ጨርቅ ዘርጊዋ ብቻ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ሆነን ሠርተናል። እሷ ጨርቁን ትዘረጋለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። አንድ ቀን መቁረጫውን በሁለት እጄ ስይዝ አየችኝ። በማግስቱ እኔ የማመጣውን ከባዱን ጥቅል ራሷ ተሸክማ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ እህት ዓለም እላታለሁ። የመድኃኒቴን ሰዓት የምትይዝልኝም እሷ ነበረች። ስጎርሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ ታያለች፤ አሥራ አምስት ደቂቃው ሲሞላ ከሥራዋ ዓይኗን ሳትነቅል «አለቀ፣ አሁን ለፍልፍ» ትለኛለች።

እሷ ወደኛ ክፍል የመጣችው ከምድር ቤቱ መተኮሻ ክፍል ነው። እንፋሎቱ ደረቷን እየዘጋት ሐኪም ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ይህን አውቃለሁ። አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ለማክሰኞ ሌሊት እጄ እንደ ሊጥ ተነፍቶ አደረ። ሆኖም ሥራ ገባሁ። እጅጌዎቹን ስቆርጥ መታጠፊያው ላይ አንጓዬ እጥፍ አለብኝና ቢላው ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገባ። አይቻለሁ። ስፌቱ ይሸፍነዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ቆርጬ ጨረስኩ። ከዚያም ሕመሙ ሲብስብኝ መድኃኒቱን ጎረስኩ።

አለቃችን እጅጌዎቹን ታቅፎ መጣ። ከልጄ እኩል ነው፣ ግን ጨዋ ነው፤ አንድ ቀን አንተ ብሎኝ አያውቅም። አርባውም በአንድ ጎን አጥረዋል። ጨርቅ ተወጥሮ ከተዘረጋ ሲቆረጥ ይሰበሰብና ያጥራል፤ ያ የዘርጊ ጥፋት ነው። ቢላ ከሳተ ደግሞ የቆራጭ ነው። እሱም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ተወጥሮ ነው ወይስ ቢላው ነው የሳተው?»

በጣቴ አፌን አሳየሁት። ጉንጬ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። አልቆ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ምላሴን ባዶ ጉንጬ ውስጥ አንዳች ነገር እንዳለበት ሰው አንከባለልኩ።

ችግር የለም ብሎኝ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ሰዓቱን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አለቀ አላለችም። እንድናገር እየጠበቀችኝ ነበር፤ እኔ አቀርቅሬ የጠመኔውን ብናኝ በጣቴ እጠርግ ነበር።

«ሲጨርስ ይነግርሃል» አለችው።

እሱ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም፤ ልብሱ በሳምንቱ መጨረሻ መሄድ አለበት። ጥፋቱ የእኔ አይደለም ስላላለች እንዳመነች ቆጠረው። የሐኪሙን ደብዳቤ ነገር አያውቅም፤ አለቃ ሆኖ ከመምጣቱ በፊት የሆነ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መተኮሻ ክፍል ትግባ፣ እዚህ ሌላ ሰው ይዘረጋል አለ። እሷም ሽርጧን ፈታ አጣጥፋ ይዛ ወረደች። እኔ አሁንም ምላሴን አንከባልል ነበር።

ቤት ገብቼ እህል አልወርድልህ አለኝ። ሚስቴ ምን ሆንክ ስትለኝ «ጉሮሮዬን» አልኳት። ማታ ማታ እጄን በሙቅ ውኃ የምታሽልኝን ሴትዮ። ትክ ብላ አየችኝና ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ አዲሱ ዘርጊ ሲዘረጋ እኔ መድኃኒቴን ጎረስኩ። ማንም ሰዓቱን አላየልኝም። ቆሜ መጠበቅ አቃተኝና መቁረጫውን አጥፍቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል። አፏን በሻሽ ሸፍና ሱሪ ትተኩሳለች፤ በየመሃሉ ትስላለች፣ ካውያውን አስቀምጣ ደረቷን ትይዛለች። እኔን ስታይ ሻሿን ዝቅ አደረገች። አፌን ልከፍት ስል ጉንጬን አየችው።

«መቼ ጎረስከው?»

በጣቶቼ ዘጠኝ ደቂቃ አሳየኋት።

«ገና ስድስት ይቀረዋል። እንዳታወራ፣ ከንቱ ይቀራል።» ሌላ ሱሪ ዘረጋች። «ትናንት ግን አልቆ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ስድስት ደቂቃ እንዴት እንደቆምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ ትተኩሳለች፣ ትስላለች፣ ግድግዳውን ታያለች። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ጉንጬ ውስጥ ያለው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

«አለቀ» አለችኝ።

ይቅርታ ልላት ስጀምር በእጇ አቋረጠችኝ። «ለእኔ አይደለም። ላይ ላለው ነው።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አለቃችን ቢሮው ውስጥ ወረቀት ይጽፍ ነበር። ሲያየኝ ጨዋ አይደል፣ ከወንበሩ ብድግ አለና ጉሮሮዬ ተሽሎኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም» አልኩት። «ጨርቁ ደህና ነበር የተዘረጋው።»

ከዚያ ያበጠውን እጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹ መሃል አስቀመጥኩለት።