ከነውሃው ያነሱት

...ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ነው ያደርኩት፣ ዳቦ የምትሸጠዋ እንኳ ታውቅ ነበር፣ ባልሽ ትንሽ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል ብለው እራት አበሉኝ፣ እኔም በላሁ፣ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ፣ ይኼን መቼም አልረሳላቸውም፣ ሲነጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ማክሰኞ ነበር። ከፊት ኦቦ ሞረዳ፣ ጎረቤቴ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል፣ ያኔ ገባኝ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ።

ሦስት ወር ሆነ። ምላጩ እጄ ላይ ነው። ባሌ በእጁ የሠራው የዓሣ ገንዳ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ፣ ዓሣዋ ሳፋ ውስጥ፣ ሦስት ነበሩ፣ ሁለቱ እዚያው ሳፋ ውስጥ ሞቱ፣ ይቺ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አፏን ወደ ላይ አድርጋ አየር ትጠጣለች። አትሙቺብኝ። ሌላ ሞት አልችልም።

መስታወት ቆራጭ ነበር አሻግሬ፣ ነቀምቴ ውስጥ ስንት መስኮት በእጁ አልፏል፣ ዲጋ ለአንድ ትምህርት ቤት መስታወት ሊያደርስ ሄደ፣ ጋቢናው ባዶ፣ እሱ ግን ከጭነቱ ጋር ከላይ፣ እንዳይሰበር ልያዘው ብሎ፣ መኪናው ጉድጓድ ገባ፣ እሱ ወደቀ። አንድም አልተሰነጠቀም እትዬ፣ አለኝ ሾፌሩ፣ ማጽናናቱ ነው፣ መስታወቱ አንድም አልተሰነጠቀም። ደደብ። ሾፌሩን አይደለም፣ አንተን ነው አሻግሬ፣ ባዶ ጋቢና እያለ፣ ለሰው መስኮት ብለህ፣ ሃያ ዓመት ተቀመጥ ስልህ ተቀምጠህ አታውቅም።

ደግሞ እነሱ። ለለቀስተኛ ቦታ ይለቀቅ ተባለ፣ ሶፋው ወጣ፣ ቡፌው ወጣ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ገባ፣ ቀረ ገንዳው፣ ዓሦቹ የሟች ናቸው ምን ይሁኑ ብለው አዘኑላቸው፣ አራት ሆነው ከነውሃው አነሱት፣ በክብር፣ እግራቸውን እያስተካከሉ፣ የዕድር ሰው መሸከም የሚያውቀው ሳጥን ነው፣ ሳጥን ደግሞ ቢጣመም አያፈስም። ገንዳ ከነውሃው አይነሳም፣ ይል ነበር አሻግሬ፣ ስንት ጊዜ፣ እኔም አየኋቸው፣ ተዉ ማለት እችል ነበር፣ አፌ በእሪታ ተይዞ ነበር። ከሰልስቱ በፊት ጥጉ ማንባት ጀመረ።

ኦቦ ሞረዳ ሲሊኮን፣ የመስታወት ማጣበቂያውን፣ ይዞ መጣ፣ በአሮጌው ላይ ቀባ፣ ፈሰሰ፣ እንደገና መጣ፣ ቀባ፣ ፈሰሰ። ጀባዹ አዴ ሸዋገነት፣ ይለኛል በመጣ ቁጥር፣ አይዞሽ ማለቱ ነው፣ ዓሣ የተፈጠረው ለመጠበስ ነው፣ ጥበሺውና ሁላችንም እንረፍ። ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም። ወጥቼ ለሰው ሁሉ አወራሁበት፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሞረዳ የባሌን ሥራ አበላሸ፣ ሁለት ዓሣ ገደለብኝ፣ ሰምቷል፣ ከተማው ትንሽ ነው ይሰማል፣ መምጣቱን ግን አልተወም።

ልክ ነበር። ገና መጀመሪያ ቀን ነግሮኛል፣ እዚችው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ አዴ፣ ሲሊኮን ሲሊኮንን አይዝም፣ አሮጌው ካልተላጠ ትርፉ ልፋት ነው። እንዳትነካው አልኩት። ጮኼ። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ጥጉ ላይ የአሻግሬ አውራ ጣት አለ። ገንዳውን የሠራ ቀን ሲሊኮኑን በአውራ ጣቱ እየዳመጠ ሳለ ምሳው ቀዘቀዘ ቶሎ ና ብዬ ጠራሁት፣ እጁን እንዳሳረፈ ቀና አለ፣ አሻራው እዚያው ደረቀ፣ ላስተካክለው ሲለኝ ተወው አልኩ፣ በመስኮት ብርሃን ሲገባ መስመሩ አንድ በአንድ ይታያል። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፣ ፎቶ ግን እጅ የለውም። ለዚህ ብዬ ነው ሰውየውን የማይረባ ሥራ ያሠራሁት፣ ከዚያም ስሙን ያጠፋሁት።

እሺ። ምላጩን ከአሮጌው ሲሊኮን ሥር አስገባለሁ፣ እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ሙሉውን አውጥቼ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ ስል፣ አውራ ጣቱ ጋ ሲደርስ ተበጠሰ። መሃሉ ላይ። ግማሹ ምላጩ ላይ፣ ግማሹ መስታወቱ ላይ። እንኳን ተበጠሰ፣ ጋቢና ገብተህ ብትቀመጥ ኖሮ ጣት አልለቅምም ነበር፣ ፋቅሁት፣ የቀረውንም ፋቅሁት፣ በአልኮል ወለወልኩት እስኪያፏጭ።

በሩ ተንኳኳ፣ ኦቦ ሞረዳ ነው፣ ሦስተኛ ሲሊኮን በእጁ። የተላጠውን ጥግ አየ። ጠረጴዛው ላይ የተበጠሰውን አየ፣ ጠጋ ብሎ አየው፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

ገንዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አልኩት፣ አንተ አይደለህም፣ ለሰው ሁሉ ዋሽቻለሁ።

ከነውሃው ያነሳነውስ እኛ፣ አለ፣ የጥፋቱን ግማሽ ለእኔ ተይልኝ። በይ ያዢ፣ ሳይደርቅ።

እሱ እየጨመቀ እኔ በአውራ ጣቴ እዳምጣለሁ፣ ውሃ እያስነካሁ፣ ቤቱ ከሲሊኮኑ የተነሳ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ የአሻግሬ ሸሚዝ ቅዳሜ ማታ የሚሸተውን፣ እስከ ጫፍ ድረስ እጄን አላነሳሁም። ሳምንት ውሃ አይነካውም። ይፍሰስ አይፍሰስ ያኔ ይታያል፣ እስከዚያ ዓሣዋን ጠዋት ማታ ውሃ እቀይርላታለሁ።

ይህ ጽሑፍ እጃችሁ የገባ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ፣ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልሽ በሉኝ። የክርስትና ስሙ ገብረኪዳን ነው፣ በጸሎት በዚያ ጥሩት። አሻግሬን ለእኔ ተዉልኝ፣ ገና ተጣልቼው አልጨረስኩም።