አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ሽታዬ ያንን ቅዳሜ ስትጠብቅ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ልጇን ፀዲን የምታየው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ተቆጣጣሪ ፊት ተቀምጣ ነበር። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ሊገናኙ ነው፤ ሮተርዳም፣ ለገና ሰሞን ዛፎቹን ሁሉ በመብራት ያሸበረቁበት የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሽታዬ ታመመች። የሚታይ ቁስል የለውም ሕመሙ፤ ከአልጋ መነሳት፣ መታጠብ፣ ለልጅ ዳቦ መቁረስ አቃታት። ዘመድ የላትምና የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ፀዲን በስድስት ዓመቷ ወስደው ዴልፍት ከተማ ለምትኖር ማሬይከ ለምትባል አሳዳጊ ሰጧት። ዛሬ ሽታዬ ድናለች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ላክ በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታለች። የቀራት ፀዲ የገናን ሁለት ሌሊት እናቷ ጋ እንድታድር መፈቀዱ ነው። እሱ ከተሳካ ልጅቷ ጠቅልላ የመመለሷ ነገር ይታያል፤ ካልተሳካ ደግሞ ማን ያውቃል።

«እንዳትለማመጪ» ብላታለች የምሥራች፣ የጸሎት ቤት ጓደኛዋ። «እነሱ ፊት ካለቀስሽ ገና አልዳነችም ብለው ይጽፉብሻል። ረጋ በይ።»

ሽታዬም ረጋ አለች። ምን ዋጋ አለው፣ ከልክ በላይ ረጋች።

መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። ቀስት እየተከተሉ ኩሬውን ዞረው፣ ካክተስ ባለበት የመስታወት ቤት በኩል አልፈው መውጫው በር ይደርሳሉ፤ የእናትና ልጅ ጊዜም እዚያው ያበቃል። ገና አመሻሹ ላይ ነው፣ ግን ጨልሟል። ፀዲ ከፊት ከፊት ትሮጣለች፣ ጫማዋ እርጥብ ቅጠል ለብሷል።

«ማማ፣ ካይክ፣ እዪ! ዛፉ ቀለሙን ይቀይራል» ትላለች፣ ግማሹን በሆላንድኛ ግማሹን በአማርኛ። ሽታዬ ዛፉን አላየችም። ልጅቷን ነው ያየችው፤ ካፖርቷ አዲስ ነው፣ ማን እንደገዛላት ታውቃለች።

ኩሬው ዳር፣ ልጅቷን ይዛ የመጣችው ማሬይከ ጠጋ አለቻትና «ፎኽቷ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ትፈልጋለች» አለች። ፎኽት የሚሏት የልጅቷን ጉዳይ በሕግ የያዘችውን ሴት ነው። «ፀዲ ገናን አንቺ ጋ ብታድር ትፈልጊያለሽ?»

የሽታዬ ልብ ዘለለ። አፏ ግን «አይ፣ አይ፣ ምን አስቸገራችሁ» አለ። «እናንተም ያሰባችሁት ይኖራል።»

እንግዲህ ይሄ ይሉኝታ የሚባለው ጣጣችን ነው። ብላ ሲሉህ በልቻለሁ፣ ውሰድ ሲሉህ ግድ የለም፤ በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ነው እጅ የሚዘረጋው። ሽታዬ የዚህ አገር ሰው አንዴ ብቻ እንደሚጠይቅ አታውቅም አይባልም። ሥራ ቦታ ሻይ ሲሰጧት ወዲያው እሺ ማለት ከተማረች ቆይታለች። ነገር ግን ሻይ ሌላ፣ ልጅ ሌላ። ትልቅ ነገር ሲመጣ ከናቷ ቤት የወረሰችው ቀድሞ ወጣ፤ ወጥቶም ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቅ ጀመር።

ሁለተኛ ጥያቄ አልመጣም። «ገባኝ፣ በግልጽ ስለነገርሽኝ ጥሩ ነው» አለች ማሬይከ፣ ክፋት ሳይኖርባት። ስልኳን አውጥታ ጻፈችና ላከች።

ፀዲ ሮጣ ተመልሳ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ኔይ፣ አይሆንም አልሽ» አለች። «አልፈልጋትም አልሽ።»

«አላልኩም የኔ ልጅ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መስታወቱ ቤት ሄደች። ሽታዬ የማሬይከን ክንድ ያዘች። ረጋ ማለቱ ቀርቷል፣ እንባዋ ቀድሟታል። እፈልጋለሁ፣ አልጋውን ከመስከረም ጀምሮ አንጥፌዋለሁ፣ እኛ መጀመሪያ አይ ነው የምንለው ብላ በተሰባበረ ሆላንድኛ ለመነች። በጋሪ ልጅ የሚገፉ ሰዎች ዞረው አዩዋት።

«ታዲያ እሷን ጠይቂያት» አለች ማሬይከ፣ ግራ ገብቷት።

ሽታዬ ሐምራዊ መብራት በበራባቸው ካክተሶች መሐል ልጇን ደርሳ ተንበረከከች። «ገናን ቤታችን ትመጫለሽ?»

«አይ፣ ይቅር» አለች ፀዲ፣ መሬት መሬት እያየች።

«መልሷን ሰጠች» አለች ማሬይከ ቀስ ብላ። «ልጅ መጫን ጥሩ አይደለም፣ ሽታዬ።»

ፀዲ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሽታዬ ያን አቋቋም ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ብትደግም ልጅ ታስጨንቃለች ተብሎ ይጻፍባታል። ይጻፍ አለች በሆዷ።

«ነይ በሞቴ» አለቻት። «እኔ ልሙትልሽ፣ ነይ።»

ፀዲ አንገቷ ሥር ተወሸቀችና «እሺ» አለች።

ማሬይከ እንደገና ጻፈች፤ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ጻፈች፣ ሐቀኛ ሴት ናት። የፎኽቷ መልስ መውጫው በር ሳይደርሱ መጣና ጮክ ብላ አነበበችው።

«እናትየዋ መጀመሪያ አልፈልግም ብላለች፣ ልጅቷም እምቢ ካለች በኋላ ነው የተጫነቻት። የገናው ይቅር፣ ከበዓል በኋላ እንደገና እንገመግመዋለን።»

ፀዲ የእናቷን እጅ እንደያዘች አንዴ ማሬይከን፣ አንዴ ስልኩን አየች።

«እሺ ብያለሁ እኮ» አለች።