ዳይሬክት

ተረፋ የሚኒባሱን የኋላ በር ወደ ላይ ሲያነሳው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፊቱን መታው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ በክርኑ አፍንጫውን ሸፈነ።

"እሱን ሽታ ተወው" አሉ ከበስተኋላው የቆሙት አቶ በኃይሉ። "አይጥ ሞታበት ይሆናል። ጠዋት ሁሉን ገለባብጬ ፈልጌ አጣኋት።"

ተረፋ ወደ ውስጥ ገብቶ ተንበረከከና ፍራሹን ጠቅልሎ ከሥሩ ያለውን ጣውላ አነሳ። ሁለቱ ባትሪዎች እሱ ባስቀመጣቸው ቦታ ናቸው፤ ግን እሱ ያስቀመጣቸው ባትሪዎች አይመስሉም። ጎናቸው አብጧል፣ ክዳናቸው ተንጋዷል። ገና ሳይነካቸው ሙቀታቸው መዳፉን ጠበሰው። ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ። የባትሪዎቹን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የነበረበት ቦታ ላይ የቀሩት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ከጣሪያው ከሶላሩ የሚመጡት ገመዶች ቀጥታ ከባትሪዎቹ ጋር ተጠማዘው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል።

መጀመሪያ ገመዶቹን ፈታ።

"ጋሼ፣ ኮንትሮለሩ የታለ?"

"ነቀልኩታ!" አሉ አቶ በኃይሉ፤ ደረታቸውን ነፍተዋል። "ሌባ ነው የሰጠኸኝ። አንተ ዲጋ በሄድክ ማግስት ቁጭ ብዬ አየሁት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሱ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋብኛል። ሞልቷል ይለኛል! አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ባትሪ ምኑ ይሞላል? ዳይሬክት ሰጠሁት። ይኸው እስከ አፉ ጠጥቷል አሁን።"

በዚህ አገር መሪ የጨበጠ ሰው "ኤሌክትሪክ አላውቅም" ሲል ተሰምቶ አያውቅም። ቁልፉ እምቢ ካለ በሽቦ ያስነሳል፣ ፊውዝ ከተቃጠለ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠግናል፤ የሚገርመው ደግሞ መኪናው ይነሳል። አቶ በኃይሉ በዚህ ዓይነት ጊምቢንም ደምቢ ዶሎንም በክረምትና በበጋ ሲመላለሱ አርጅተዋል። ለእሳቸው በሞተርና በጎማ መሀል የገባ ነገር ሁሉ ቀረጥ የሚበላ ሌባ ነው። ተረፋ ደግሞ ከዚህ "ዳይሬክት" ከሚሉት ነገር ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ነው። ጨለለቂ ያለው ሱቁ በር ላይ "ኮንትሮለር ለሚያስነቅል ደንበኛ አንሠራም" ብሎ ለጥፏል። ሰው እያነበበ ይስቅበታል፣ ስቆ ሲያበቃ ግን እሱኑ ይጠራል፤ ተረፋ የገጠመው ሶላር አይበላሽምና። ኮንትሮለር ሥራው አንድ ነው፤ ባትሪው ሲሞላ በቃህ ማለት። በቃህ የሚለው ያጣ ባትሪ ውስጥ ውስጡን ይፈላል፣ ያብጣል፣ ይሞታል። ይህንንም ለአቶ በኃይሉ አንድ በአንድ ነግሯቸው ነበር። "እባክዎን እንዳይነኩት" ብሏቸውም ነበር።

አሁን የሽማግሌው ፊት እንደ ሠርገኛ ፊት ያበራል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ነገ ማለዳ ነበር።

ሚኒባሱ ከሦስት ሳምንት በፊት ሰው ይጭን ነበር። የአቶ በኃይሉ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋጌጥ ወፍጮ ቤት ውስጥ በርበሬ ሲያስፈጩ የኖሩበት ሳንባ እጅ ሰጠ፣ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ አቃታቸው። ማሽኑን የላከችው አንድያ ልጃቸው አዜብ ናት፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ ወሯ ገብቷል፣ ሐኪም ከአልጋ አትነሺ ብሏታል። እሷ መምጣት አትችልም። እናትየዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ ሆስፒታሉ ይህን አልደበቃቸውም። ቤት ውስጥ መብራት ሲኖር ማሽኑ ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋ ሆስፒታሉ ያዋሳቸው የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፤ ሲሊንደሩ ግን ከነቀምቴ እንዲወጣ አይፈቀድም። እንግዲህ እናትየዋን ልጃቸው ዘንድ ለማድረስ አቶ በኃይሉ ወንበሮቹን ነቀሉና ፍራሽ ዘረጉ፣ መጋረጃ ሰቀሉ። ተረፋም ሁለት ሶላር ጣሪያው ላይ አሰረ። እነዚያን ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች ለማስመጣት መንገዱ እስኪከፈት ስንት ጊዜ ጠብቀዋል። የመኪናው ዲናሞ ብቻውን ማሽኑን አይችለውም፤ የእናትየዋ ነፍስ ያለው በባትሪዎቹ ላይ ነበር።

"እስኪ ልፈትሻቸው" አለ ተረፋ በመጨረሻ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም።

"ፈትሽ፣ ፈትሽ። እኔ ናፍጣዬን ላምጣ፣ ወረፋ የያዘልኝ ሰው ደውሏል።" አቶ በኃይሉ ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው እያፏጩ ከግቢ ወጡ።

ተረፋ ባትሪዎቹ እስኪበርዱ ጠብቆ ኮንትሮለሩን ቦታው መለሰ፤ ዕቃ መያዣው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የተቀመጠው፣ በጥንቃቄ። ከሱቁ ያመጣቸውን አምፖሎች ደርድሮ ማሽኑ የሚበላውን ያህል ጭነት ሰጣቸው። አምፖሎቹ ቦግ አሉ። ወዲያው ቢጫ ሆኑ፣ ቀጥሎ ቀሉ። የባትሪውን ኃይል ለማሽኑ የሚቀይረው ኢንቨርተር ደከመኝ ብሎ ጮኸ። አጥፍቶ እንደገና ሞከረ። እንደገና ጮኸ። አዲስ አበባ ቀርቶ መንገዱ ላይ ያለችው ሲሬ እንኳ አያደርስም ነበር።

"ተረፋዬ" የሚል ቀጭን ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። "ና እስኪ።"

ወይዘሮ ሸዋጌጥ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቱቦው አፍንጫቸው ሥር ነው፤ ማሽኑ አጠገባቸው ይተነፍሳል። ሲሬ ተወልደው ነቀምቴ ያረጁ ሴት ናቸው።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ" ብሎ ተረፋ ቆሞ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው።

"ነጋ፣ ደህና። ተቀመጥ።" ትንፋሽ እየወሰዱ ነው የሚናገሩት። "ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሰማሁ።"

"ገና እየሞከርኩት ነው እትዬ።"

"አትዋሸኝ፤ አታውቅበትም። ሞተዋል?"

ተረፋ መሬት መሬቱን አየ። "አዎ።"

"እሱ ነው የገደላቸው።"

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ።

"እዚህ መስኮት ሥር አይደል መኪናው የቆመው። ባትሪው ቀን ቀን ይንተከተክ ነበር፣ እሰማዋለሁ። ሽታውም ይገባል። አንተ 'እንዳይነኩት' ስትለውም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ነገርኩት እንጂ! 'አንቺ ደግሞ ደርሰሽ መካኒክ ሆንሽ' ብሎ ሳቀብኝ።" እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍ ጠበቁት። "ደስ ብሎት ነበር ተረፋ። ይህ ነገር ከያዘኝ ጀምሮ ለእኔ የሚያደርገው ጠፍቶት ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው። ያን ሽቦ ሲጠመዝዝ እንደ ጎረምሳ ያፏጫል። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ።"

"ሌላ ባትሪ አለህ?" አሉት ቆይተው።

"ሱቅ ያለው ለመብራት የሚሆን ትንንሹ ነው። እንደነዚህ ያለው እንደገና እስኪመጣ…" ቃሉን አልጨረሰውም። ሁለቱም ያውቁታል። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል።

ወይዘሮ ሸዋጌጥ እግራቸው ሥር ወደ ታሰረችው ሻንጣ አዩ። "ልጄን ላርሳት ነበር እኮ የምሄደው። ጉድ አይደል? ራሴ ታዝዬ የምገላበጥ ሴት፣ ማንን ላርስ ነበር!" ዓይናቸው ሞላ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። "ግን አጠገቧ ብሆን ብዬ ነው። ድምፄን ብትሰማ።"

ተረፋ ዓይኑን ከሻንጣው አነሳ። የእሱ እናት ስትሞት እሱ ሩቅ ነበር፤ ይህን ለማንም አያወራም።

"አንድ ነገር ልለምንህ" አሉት።

"ይዘዙኝ።"

"ባትሪዎቹ ሲመጡም ብልሹ ነበሩ በለው።"

ተረፋ ቀና ብሎ አያቸው። መጀመሪያ በትክክል የሰማቸው አልመሰለውም። ሲገባው ከወንበሩ ተነሳ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ የምኖረው በዚህ ነው። ያለኝ ስም ብቻ ነው። ብልሹ ዕቃ ለታማሚ ሸጠ ከተባልኩ ነገ ሱቄን ማን ይረግጠዋል?"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞስ እንዳይነኩ አላልኳቸውም? ለምኛቸዋለሁ!" ድምፁ ከፍ ብሎበት ደነገጠ። በታማሚ ላይ መጮኹ አሳፈረው፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። በእሳቸውም ተናዷል፣ በባላቸውም ተናዷል፣ ዲጋ በሄደው በራሱም ተናዷል።

"እኔ ስሄድ እሱ ነው የሚቀረው" አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። "እዚህ ቤት። ብቻውን። ሸዋጌጥን ከልጇ ያስቀረኋት እኔ ነኝ እያለ ማታ ማታ ይቀመጣል። አውቀዋለሁ፣ አይችለውም። አንተን እየረገመ ይኑርልኝ።"

"አልችልም" አለ ተረፋ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልችልም።"

አልተቆጡትም። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ትራሳቸው ላይ ተመለሱ፤ እሱም ወጣ።

ግቢው ውስጥ አምፖሎቹን እየነቀለ የሚናገረውን አዘጋጀ። በለሰለሰ ቃል ይነግራቸዋል። "ጋሼ፣ ባለማወቅ ነው" ይላል፣ "ብዙ ሰው ያደርገዋል" ይላል። እውነት ነውና እውነቱን መናገር ነው፤ ሌላ ምን አለ?

አቶ በኃይሉ ጀሪካኑን ሞልተው ተመለሱ። ከኋላቸው ጎረቤታቸው ወርቂቱ ለመንገድ ስንቅ ያዘጋጀችውን የገብስ ጭኮ በክዳን ዕቃ ይዛ ገባች። ወርቂቱ ሱቅ አላት፤ ለፍሪጇ ሶላር እንዲገጥምላት ከተረፋ ጋር ቀን ቆርጣለች።

"ተረፋ! አካም?" አለችው። "የእኔን ረሳኸው እንዴ?"

ተረፋ ለሰላምታዋ ምን እንደመለሰላት ራሱ አልሰማም። አቶ በኃይሉ ጀሪካኑን ሳያስቀምጡ ፊቱን እያነበቡ ነበር።

"ምነው?"

"ጋሼ፣ ባትሪዎቹ አይሠሩም።"

"አይሠሩም ማለት?"

"ሞተዋል። ማሽኑን አይዙም።"

አቶ በኃይሉ ወደ ሚኒባሱ አዩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ። ጀሪካኑ ከእጃቸው ወርዶ መሬት ተቀመጠ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲወርድ ተረፋ አየው። ቁመታቸው ራሱ ያጠረ መሰለው።

"ዳይሬክቱ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "እ? እኔ ነኝ?"

ያዘጋጀው ቃል ሁሉ አፉ ላይ ነበር። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው የኮታቸውን ጫፍ ይዘው መልሱን ይጠብቃሉ።

"አይደለም" አለ ተረፋ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሲመጡም አርጅተው ነው። ያገለገሉ ናቸው። ሳልፈትሽ ሰጠኋችሁ።"

ወርቂቱ "ዬ!" አለች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

አቶ በኃይሉ የኮታቸውን ጫፍ ለቀቁ። ከዚያ ደማቸው ወደ ፊታቸው ተመለሰ፤ ሲመለስ ያጠረው ቁመታቸውም ተመለሰ። የተረፋን ኮሌታ ጨምድደው ያዙ።

"አንተ ሌባ! በሰው ነፍስ! ልጄ ብዬ ቤቴ አስገብቼህ! እሷን እያየሃት፣ ቱቦዋን እያየህ!"

"ዋጋቸውን እመልሳለሁ ጋሼ።"

"ዋጋ? መንገዷን ትመልስልኛለህ? ቀኗን ትመልስልኛለህ?" እያሉ ነቀነቁት። ተረፋ ሁለት እጁን ወደ ታች አንጠልጥሎ ቆመ።

ወርቂቱ መሀላቸው ገብታ አላቀቀቻቸው። ከዚያ ወደ ተረፋ ዞራ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "የእኔን ሥራ ተወው" አለችው። "ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።" ገበያ ውስጥ ይህች ሴት የሰማችው ነገር ከምሳ በፊት ከጨለለቂ አልፎ ምን ያህል እንደሚሄድ ተረፋ ያውቃል።

አቶ በኃይሉ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። "አዜብ፣ ልጄ… ቀረ። እናትሽ አትመጣም። አይ፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ አታልቅሺ… አንድ ሌባ የሞተ ባትሪ ሽጦልን ነው።" ድምፃቸው ተሰበረ። ስልኩን ተረፋ ደረት ላይ ገፉት። "እንካ! አንተው ራስህ ንገራት። እኔ አልችልም።"

ተረፋ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ልጅቷ ለቅሶዋን ለመዋጥ ስትታገል ይሰማል።

"ተረፋ" አለችው። "አባቴን አውቀዋለሁ። ነካክቶት ነው አይደል? ዳይሬክት አድርጎት ነው። የአጎቴንም ቤት ሶላር እንዲሁ አድርጎ ነው ያቃጠለው። አትንገረው፣ ለእኔ ብቻ… እሱ እንዳይሰማ 'እህ' በለኝ፤ ይበቃኛል።"

አንድ "እህ" ነበር የቀረው። አቶ በኃይሉ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተዋል፤ ግን አይሰማቸውም፣ ተረፋ ይህን ያውቃል። አንድ ሰው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ቢያውቅለት! አምላኬ፣ ምን ነበረበት? ከመስኮቱ የማሽኑ ትንፋሽ ይመጣል። እናቷ ካለፉ በኋላ ለዚህች ልጅ የሚቀራት ወላጅ አባቷ ብቻ ናቸው።

"አይደለም" አለ። "እሳቸው አልነኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አዜብ ለቅሶዋን አቆመች። "እግዜር የሥራህን ይስጥህ" አለችው በመጨረሻ፣ በዝግታ፣ አንድ በአንድ።

አቶ በኃይሉ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት።

"ሰማሽው?" አሉ። "ከራሱ አፍ ሰማሽው አይደል?"